ዕጣ ያልወጣባት ቤት፦ የጀሞዋ ኮሚናል ምሳ ቤት

አዲስ አበባ፣ ጀሞ አንድ ኮንዶሚኒየም ውስጥ ምሳ የሚበላበት ቤት አልጠፋም። በየብሎኩ ምድር ቤት፣ ከመድኃኒት ቤቱና ከፀጉር ቤቱ ጎን አንድ ምግብ ቤት አለ። እኔ ግን የምጽፈው ምልክት ሰሌዳ ስለሌላት አንዲት ምሳ ቤት ነው። ከረጃጅሞቹ ብሎኮች መካከል፣ ልብስ ከሚሰጣበት ገመድ ጀርባ ባለ አንድ ፎቅ አጭር ሕንፃ አለች። የጋራ መገልገያ ናት፤ እኛ ነዋሪዎቹ ኮሚናል እንላታለን። ምሳ ቤቷም ሌላ ስም ስላልወጣላት ሰፈሩ በሙሉ «ኮሚናሏ» ብሎ ይጠራታል። ሁለት ዓመት ሙሉ በሳምንት ሦስት ቀን ያህል ስለበላሁባት ምስክርነቴ የአንድ ቀን ምስክርነት አይደለም።

ሽሮዋ በሸክላ ድስት እየተንተከተከች ትመጣለች። ባለቤቷ ሽሮውን ከገበያ ዱቄት አትገዛም፤ እህሉን ራሷ አስለቅማ፣ ቆልታና ከክታ ታስፈጫለች። ሽንብራው ይበዛል፣ አተሩ ያንሳል፣ በሶብላዋን አትቆጥብም፤ ከተበላ በኋላ አፍ ላይ የሚቆየው ጣዕም የበሶብላው ነው። ረቡዕና ዓርብ በየዓይነቱ ይቀርባል፦ ምስር ወጥ፣ የክክ አልጫ፣ ጎመን፣ ቀይ ሥር በድንች፣ ፎሶልያ በካሮት፣ ከጥጉ ላይ አንድ ስንግ ቃሪያ። ከሁሉም ጎመኑን አስቀድማለሁ፤ ሳይሟሟ በስሏል፣ ነጭ ሽንኩርቱም ይታወቃል። የክክ አልጫው ግን አንዳንድ ቀን ጨው ይበዛበታል። ሦስት ጊዜ ተናግሬ ሁለቱን ጊዜ ተስተካክሎ አግኝቼዋለሁ። ሽሮ 130፣ በየዓይነቱ 160፣ ቡና 30 ብር ነው። ቅዳሜና እሑድ ጥብስ አለ፤ ተራ ጥብስ ነው፣ ለጥብስ ብላችሁ አትምጡ።

ለእንጀራው ግን ኑ። እንጀራው እዚያው ከታች ባለው ክፍል ይጋገራል፤ በሩ ሁልጊዜ ክፍት ስለሆነ ተራ የሚጠብቅ ሰው ቆሞ ማየት ይችላል። ሦስት ምጣዶች አሉ፤ ሁለቱ የኤሌክትሪክ ናቸው፣ ሦስተኛው መብራት ሲጠፋ በእንጨት የሚነድ ነው። ጋጋሪዋ ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰዋለች፣ በጨርቅ ትወለውለዋለች፣ ከዚያ ሊጡን በጣሳ ቀድታ ከጠርዙ ጀምራ እያዞረች ወደ መሀሉ ትጨርሰዋለች። አንድ ጊዜ እንኳ ክፍተት ትታ ስትመለስ አላየኋትም። ዓይኑ ከዳር እስከ ዳር እስኪከፈት ትጠብቅና አክንባሎውን ትደፋለች። ጠርዙ በራሱ ተላቆ ሲነሣ ሰፌዱን ከሥሩ ሰድዳ ታወጣዋለች። በዚያች ቅጽበት ከምጣዱ የሚነሣው እንፋሎት ወዴት እንደሚሄድ ልብ በሉ። ወደ ፊቷ አይመጣም፤ ወደ ግድግዳው አናት ወጥቶ ይጠፋል።

እዚያ የግድግዳው አናት ላይ ብሎኬቶቹ በጎናቸው ተገልብጠዋል። ብሎኬት በትክክል ሲደረደር ቀዳዳው ወደ ላይና ወደ ታች ነው፤ እዚህ ግን ሦስት ረድፍ ያህሉን ግንበኛው በጎን አስተኝቶ ቀዳዳው ወደ ውጭ እንዲያይ አድርጎታል። ጭስ ይወጣል፣ ዝናብ አይገባም፣ መስኮትና መስታወትም አያስፈልግም። ይህ ክፍል ሰው ተቸግሮ ማድ ቤት ያደረገው ክፍል አይደለም። ከመጀመሪያው በወረቀት ሲነደፍ እንጀራ እንዲጋገርበት ታስቦ የተሠራ ነው። ምሳ ቤቷን የምወድበትን ምክንያት ለማስረዳት ከጀሞ ወጥቼ ገርጂ መድረስ ይኖርብኛል።

በ1996 ዓ.ም. ገርጂ ላይ የቀን ሠራተኛ ነበርኩ። ዛሬ ገርጂ መሀል ከተማ ነው፤ ያኔ ለእኔ፣ ለፒያሳ አካባቢ ልጅ፣ ዳር አገር ነበር። የአዲስ አበባ አስተዳደር በከንቲባ አርከበ ዕቁባይ ዘመን ከጀርመን የቴክኒክ ትብብር ድርጅት፣ ከጂቲዜድ ጋር ሆኖ በአነስተኛ ወጪ የሚሠሩ የጋራ መኖሪያ ቤቶችን የሞከረው እዚያ ነው። 750 ቤቶች ነበሩ። በኋላ አያት፣ ጀሞ፣ የካ አባዶ፣ ቱሉ ዲምቱ፣ ኮዬ ፈጬ እየተባለ የከተማውን ዙሪያ የሞላው የኮንዶሚኒየም ሳይት ሁሉ ከዚያ ሙከራ የወጣ ነው።

የእኔ ሥራ ብሎኬት ውኃ ማጠጣት ነበር። ቀላል ይመስላል፤ ነገር ግን ከቅርጹ ገና የወጣ ብሎኬት ፀሐይ ከመታው ሲሚንቶው ሳይጠና ይደርቅና ጠርዙ በእጅ ይፈረፈራል። ስለዚህ ጠዋትም፣ ቀትርም፣ ማታም እያጠጣን በጆንያና በላስቲክ እንሸፍነው ነበር። ርዝመቱ 40፣ ከፍታው 20 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ውፍረቱ እንደ ግድግዳው ዓይነት ይለያያል። እስከ ዛሬ ድረስ አንድ ብሎኬት በጣቴ ጥፍር ጫር አድርጌ በደንብ ጠጥቶ እንደሆነና እንዳልሆነ ማወቅ እችላለሁ።

ከብሎኬቱ በላይ ያስገረመኝ ሶሌታው፣ ማለትም የየፎቁ የአርማታ ወለል፣ ነበር። ከዚያ በፊት ያየሁት ፎቅ ሁሉ ሲሠራ ከሥሩ ጫካ የሚያክል የባሕር ዛፍ ድጋፍ ይቆምለት፣ በላዩ ሳንቃ ይነጠፍለት ነበር። ገርጂ ላይ ግን ፕሪካስት የምንላቸውን ቀጫጭን የአርማታ ቢሞች መሬት ላይ አምርተን እናደርቅና ከግድግዳ እስከ ግድግዳ እየተሰቀሉ ይደረደራሉ። በቢሞቹ መካከል ለሶሌታ ተብሎ የተሠራ ክፍት ብሎኬት ይሰካል፣ ከላይ ስስ አርማታ ይፈስበታል። እንጨቱ ቀነሰ፣ ፌሮው ቀነሰ፣ ሲሚንቶው ቀነሰ። የቤቱ ዋጋ የወረደው በዚህ ዓይነት ነው፤ ደግሞም ቢሙንና ብሎኬቱን፣ በሩንና መስኮቱን የሚያመርቱት በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ ወጣቶች ስለነበሩ ለብዙዎቻችን ሥራ ሆነ። እኔም በኋላ ከሰባት ሰዎች ጋር ተደራጅቼ ብሎኬት አምራች ሆንኩ። ጀሞ ሲገነባ ማኅበራችን ካቀረቡት አንዱ ነበር።

አሁን ወደ ኮሚናሏ ላይኛው ፎቅ ውጡና ቀና በሉ። ጣሪያው አልተለሰነም። ቢም፣ ብሎኬት፣ ቢም፣ ብሎኬት እያለ ከበሩ እስከ መስኮቱ ይሄዳል። መጀመሪያ ቀን ገብቼ ምግብ ሳላዝዝ ቀና ብዬ ስቆጥር ባለቤቷ አየችኝ።

«ምነው ልጄ፣ ያፈስሳል እንዴ?»

«የለም እትዬ፣ አያፈስስም። እኔ ብሎኬት ሠሪ ነበርኩ። ከእነዚህ ውስጥ የእኛ ይኖርበታል።»

ትንሽ ዝም ብላ እሷም ቀና አለች። «እንግዲያው ቤትሽ ነው፤ ተቀመጪ» አለችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከመስኮቱ አጠገብ ያለችው መቀመጫ የእኔ ሆነች። ከእሷ ላይ ሆኖ ወጨጫ ተራራ ይታያል።

ብዙ ሰው ኮንዶሚኒየምን ከውጭ አገር እንደተገለበጠ ሕንፃ ያየዋል። በግንባታው ላይ ስለነበርኩ እንዲህ ብሎ መደምደም አልችልም። ያደግሁት በቀበሌ ቤት ነው። በአዋጅ ቁጥር 47/1967 ትርፍ ቤት ሁሉ የመንግሥት ሲሆን፣ ኪራዩ ከ100 ብር በታች የሆነው ለቀበሌ ተሰጥቶ ነበር፤ የእኛም ከዚያ ወገን ነው። ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ አፈር። ስድስት ቤተሰብ በአንድ ግቢ እንኖር ነበር። ማድ ቤቱ አንድ ነበር፤ የሰኞዋ ጋጋሪ እናቴ ነበረች፣ የማክሰኞዋ ጎረቤታችን። እሳቱ ሳይጠፋ ምጣዱ ከእጅ ወደ እጅ ያልፋል፣ እርሾ ያለቀባት ከሌላዋ ትበደራለች። በግ የሚታረደው በግቢው ጥግ፣ ልብስ የሚታጠበው በቧንቧው ዙሪያ፣ ለቅሶ የሚቀመጠው በዚያው ግቢ በድንኳን ነበር። ቤታችን ጠባብ ነበር፤ ኑሯችን ግን በግቢው ላይ የተዘረጋ ነበር።

የገርጂን ንድፍ ያወጡት ሰዎች ይህን አይተዋል ብዬ አምናለሁ። ስድስቱን ቤተሰብ ወስደው አንዱን በሌላው ላይ ቢደራርቡት ግቢው ወዴት ይሄዳል? መልሳቸው ኮሚናሉ ነው። እንጀራ የሚጋገርበት፣ በግ የሚታረድበት፣ ልብስ የሚታጠብበት ሕንፃ ከመኖሪያ ብሎኮቹ ነጥለው ሠሩ። መኖሪያዎቹን ስቱዲዮ፣ ባለ አንድ፣ ባለ ሁለትና ባለ ሦስት መኝታ ብለው ከፈሉ። ስቱዲዮው 20 ካሬ ሜትር እንኳ አይሞላም፤ እዚያ ውስጥ ምጣድ ጥዶ መኖር እንደማይቻል ያውቁ ነበር። ስለዚህ ኮሚናሉ ትርፍ ሕንፃ አይደለም፣ ከየቤቱ ተቀንሶ የተሰበሰበ ማድ ቤት ነው። ከዚያ በፊት አዲስ አበባ በፕላን የተሠራ ሰፈር አላየችም ማለቴ አይደለም። የካዛንቺስ ስም ራሱ በወረራው ዘመን ለጣሊያን መንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው «ኢንቺስ» ከተባለው ተቋም የመጣ ነው፤ «ካዜ ኢንቺስ»፣ የኢንቺስ ቤቶች። ያ ግን ለሹማምንቱና ለጸሐፊዎቻቸው ነበር። እንጀራ ጋጋሪዋን ታሳቢ ያደረገ ንድፍ ስመለከት የገርጂው የመጀመሪያዬ ነው።

የቀረውን ታሪክ የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። በ1997 ዓ.ም. ምዝገባ ተከፈተ፤ የተመዘገበው ከ450 ሺህ በላይ ነበር። ከዕጣው 30 በመቶው በቅድሚያ ለሴቶች ተለየ። የደረሰው 20 በመቶውን ከፍሎ ቀሪውን ከባንክ ተበድሮ ይገባ ነበር። ሳይቱን፣ ብሎኩን፣ ፎቁን፣ የቤት ቁጥሩን የሚወስነው ዕጣ ነበር፤ ስለዚህ አስተማሪው ከነጋዴው፣ ጡረተኛው ከአዲስ ሙሽሮች ጎን ይደርሰው ነበር። የምድር ቤት ሱቆቹ ደግሞ በጨረታ ተሸጡ። እኔ ከ1997 ተመዝጋቢዎች አንዷ ነኝ። ጀሞ የደረሰኝ ባለ አንድ መኝታ ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። በ2003 ዓ.ም. ቁልፍ ስረከብ ግድግዳው ልስን አልነበረውም፣ ወለሉም ባዶ ሶሌታ ነበር። ዋጋው እንዲወርድ ሲባል ማጠናቀቂያውን ለገዢው ይተዉት ነበር። ሊሾውን በራሴ እጅ አሠራሁት፣ ልስኑን በዓመቱ ጨረስኩ።

ወደ 10 ሺህ ገደማ ቤት ባለበት በጀሞ ሁሉም ነገር በዕጣ ወይም በጨረታ ባለቤት አገኘ። ኮሚናሎቹ ላይ ግን ዕጣ አልወጣም። የማንም አይደሉም፤ የሁሉም ናቸው። በአዋጅ ቁጥር 370/1995 መሠረት የጋራ የሆነው ሁሉ፣ ደረጃውም፣ ጣሪያውም፣ ግቢውም፣ የቤት ባለቤቶቹ የጋራ ንብረት ነው፤ የሚያስተዳድረው ማኅበራቸው ነው። በወረቀት ላይ ግልጽ ነው። በተግባር ግን ቁልፉን ማን ይያዝ? የመብራት ቆጣሪውን ማን ይክፈል? ከአራተኛ ፎቅ ሊጥ ተሸክሞ ወርዶ እንጀራ ተሸክሞ መውጣትስ? የኤሌክትሪክ ምጣድ በየቤቱ ሲገባ ሰው በረንዳው ላይ ጋገረ። በጉን በኮሪደሩና በብሎኮቹ መካከል ባለው ሣር ላይ አረደ። ባየኋቸው ሳይቶች ሁሉ ኮሚናሎቹ የጥበቃ ማደሪያ፣ የአሮጌ ዕቃ መጋዘን፣ የማኅበር ስብሰባ ቤት ሆነዋል። አንዳንዶቹ በራቸው ዝጎ ቀርቷል። የእኛይቱም ለዓመታት ተቆልፋ ቆይታ መስኮቷ በሙሉ ተሰብሮ ነበር። በአጠገቧ ባለፍኩ ቁጥር ሆዴ ይባባ ነበር፤ ምክንያቱም በመላው ሳይት ለእናቴ ዓይነት ሴት ተብሎ የተሠራው ብቸኛ ሕንፃ ያ ነበር።

ምሳ ቤቷን የከፈተችው ሴት ራሷ ከሌላው ብሎክ ነዋሪ ናት። ከማኅበሩ ጋር የተዋዋለችው እንዲህ ነው፦ ኪራይ ለማኅበሩ ትከፍላለች፤ ገንዘቡ ለጥበቃውና ለደረጃው መብራት ይውላል። በተጨማሪ ሦስት ግዴታ አለባት። ቅዳሜ ከቀትር በኋላ ምጣዶቹ የነዋሪው ናቸው፤ ሊጡን ያመጣ ሰው በአነስተኛ ክፍያ ይጋገርለታል። በዓመት በዓል ዋዜማ ምሳ ቤቱ ይዘጋና የምድሩ ክፍል ለዕርድ ይከፈታል። ለቅሶ ከደረሰ ደግሞ ላይኛው አዳራሽ ለሐዘንተኛው ነው። ውሉን ባለቤቷ ራሷ ናት ያሳየችኝ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ ከግድግዳው ላይ ተሰቅሏል።

ባለፈው ክረምት ከእኛ ብሎክ አንድ አዛውንት አረፉ። ዝናቡ ሦስት ቀን አላባራም፤ ድንኳን ቢተከል ጎርፉ በሥሩ ነበር። የዕድሩ ዳኛ ወደ ኮሚናሏ ሲሄዱ በየዓይነቱ እየቀረበ ነበር። ባለቤቷ ምግቡን በልተው ያልጨረሱትን ሰዎች ይቅርታ ጠየቀች፣ ያልበሉትን ገንዘባቸውን መለሰች፣ ጠረጴዛዎቹን ወደ ግድግዳ አስጠጋች። የዕድሩ አግዳሚ ወንበሮች ከመድረሳቸው በፊት ንፍሮው ከታች ተጥዶ ነበር። ጋጋሪዋም ሳትታዘዝ ምጣዷን ለኩሳ ለሐዘንተኛው መጋገር ጀመረች። እኔ ደረጃው ላይ ቆሜ ዝናቡ በጎን በተገለበጡት ብሎኬቶች ሳይገባ ጭሱ ሲወጣባቸው አየሁ። ሟቹ ሦስት ቀን ሙሉ በወግ ተለቀሰላቸው፤ ልጃቸው እስከ ዛሬ ምሳ ቤቷን ሳይሳለም አያልፍም።

ጉድለቶቿን ልደብቅ አልፈልግም። ደረጃው ቀጥ ያለና ጠባብ ነው፣ መደገፊያው በአንድ ወገን ብቻ ነው። ጉልበት የሚያመው ሰው ከታች ባለችው ትንሽ ጠረጴዛ መብላት አለበት፤ እሷም አንድ ብቻ ናት። የጭስ መውጫ ከሆኑት ብሎኬቶች ግማሾቹን ቀድሞ የነበረ ተከራይ በሲሚንቶ ደፍኗቸዋል። የእንጨቱ ምጣድ ሲነድ በዚያ ወገን ያለው ጭስ ወደ ደረጃው ይመለሳል። መዶሻና መሮ ይዤ መጥቼ እንድከፍታቸው ማኅበሩን ለምኛለሁ፣ ግማሽ ቀን የማይፈጅ ሥራ ነው፤ መልስ እየጠበቅሁ ነው። ውኃ በፈረቃ ስለሚመጣ እጅ የሚታጠበው ከበርሜል በጣሳ እየተቀዳ ነው። ዓርብ ከስድስት ሰዓት ተኩል በኋላ የመጣ ሰው ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ይቆማል። ቡናው ጥሩ ነው፤ የምታፈላዋ ልጅ ግን አስተናጋጅም ስለሆነች ሳይቸኩሉ መጠበቅ ያስፈልጋል።

መጸዳጃው ንጹሕ ነው። ሒሳቡ በጥሬ ገንዘብም በቴሌብርም ይከፈላል። እንጀራ ለቤት መግዛት የሚፈልግ ጠዋት ቀድሞ ቁጥሩን መናገር አለበት፤ ከሰዓት በኋላ የቀረ አይገኝም።

ከጀሞ አንድ ውጭ የምትመጡ ከሆነ ከታክሲ ወርዳችሁ «ኮሚናሏ» ብላችሁ ጠይቁ፤ ሕፃናቱ ሳይቀሩ ያደርሷችኋል። የሕንፃ ትምህርት የምትማሩ ልጆች ብትኖሩ ደግሞ ከምሳ በፊት ኑና የታችኛውን ክፍል እዩ። የብሎኬቱን ቀዳዳ፣ የወለሉን ተዳፋት፣ ውኃው ከዕርድ በኋላ በየት በኩል እንደሚወርድ ባለቤቷን ጠይቋት፤ ደስ ብሏት ታሳያችኋለች። ወለሉ ወደ አንድ ጥግ በሁለት ጣት ያህል ዝቅ ይላል፤ ባልዲ ውኃ ብትደፉ አንድ ጠብታ ሳይቀር ወደ ቦዩ ይሄዳል።

ቅዳሜ ሊጥ የምታመጡ ከሰባት ሰዓት በፊት ድረሱ። ባልዲያችሁ ላይ የብሎክና የቤት ቁጥራችሁን ጻፉበት፣ ባለፈው ሳምንት ሁለት ጎረቤታሞች ሊጥ ተለዋውጠው የአንዷ ሠርገኛ ለሌላዋ ማኛ ሄዷል። አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ምጣዱ ይወርዳል፤ ከዚያ በኋላ የመጣ ለሚቀጥለው ቅዳሜ ነው።